ለአስቸጋሪ ውሳኔዎች የተዘጋጀ የቤዝቦል ዳኞች የቪዲዮ ሥልጠና፦ ከአንድ የውድድር ዘመን በኋላ

በአማተር የቤዝቦል ውድድሮች በዳኝነት ማገልገል ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሞልቶኛል። ከሰጠኋቸው ውሳኔዎች አብዛኞቹን አላስታውሳቸውም፤ ኳሱ ቀደመ ወይም ሯጩ ቀደመ፣ እጄን አነሣሁ ወይም ዘረጋሁ፣ ጨዋታው ቀጠለ። ከአእምሮዬ አልወጣ ያሉኝ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እነዚህ በውድድር ዘመን አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ የሚያጋጥሙ፣ ሲያጋጥሙ ግን በሜዳው ያለው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ፊቱን ወደ ዳኛው የሚያዞርባቸው ክስተቶች ናቸው። ለእንዲህ ያሉ ክስተቶች ብቻ ተብሎ የተዘጋጀ፣ በበይነመረብ የሚሰጥ የቪዲዮ ሥልጠና እንዳለ ስሰማ ሳላመነታ የተመዘገብኩት ከእነዚሁ በአንዱ ምክንያት ነው።

ሁኔታው እንዲህ ነበር። ሁለተኛና ሦስተኛ ቤዝ (ሯጮች በተራ የሚረግጧቸው የሜዳው ማረፊያዎች) ላይ ሯጮች አሉ፤ አንድ አውት ተይዟል፣ ማለትም ከአጥቂው ቡድን አንድ ሰው ወጥቷል፤ ሦስት ሲሞላ ተራው ያበቃል። የሦስተኛ ቤዙ ሯጭ ፒቸሩ (ኳሱን ለመቺው የሚወረውረው ተከላካይ) ኳሱን ሲወረውር አብሮ ተነሣ። መቺው ኳሱን በቀጥታ መስመር ወደ ፒቸሩ መታው፤ ፒቸሩም ኳሱ መሬት ሳይነካ በጓንቱ ያዘውና ሁለተኛው አውት ሆነ። ኳሱ እንዲህ ሲያዝ ሯጮች ተመልሰው ቤዛቸውን መንካት አለባቸው፤ የሁለተኛ ቤዙም ሯጭ ኳሱ የሚያልፍ መስሎት ርቆ ሄዶ ስለነበር ፒቸሩ ዞሮ ወደ ሁለተኛ ቤዝ ወረወረ። ውርወራው ከፍ ስላለ ተቀባዩ ዘሎ ያዘው፤ ከቤዙ ጀርባ አረፈ፤ ከዚያ ተመልሶ ቤዙን ረገጠና ሦስተኛው አውት ተያዘ። በዚያ መካከል ግን ከሦስተኛ ቤዝ የተነሣው ሯጭ ሆም ፕሌትን፣ ነጥብ የሚገኝበትን የመጨረሻ ቤዝ፣ ረግጦ አልፏል። የሆም ፕሌት ዳኛ እኔ ነበርኩ፤ የቀደመው የሯጩ እግር እንደነበር በዓይኔ አይቻለሁ። ተከላካዮቹ በደስታ እየተጨባበጡ ወደ መቀመጫቸው ሄዱ፤ እኔም ለመዝጋቢው ነጥቡ እንደሚቆጠር ነገርኩት። የተከላካዮቹ አሠልጣኝ ወደ እኔ መጥተው «ዳኛ፣ ሦስተኛው አውት ከተያዘ ነጥቡ ከየት መጣ? ሯጩ ደግሞ ቀድሞ ነው የተነሣው!» አሉኝ። ውሳኔዬ ትክክል ነበር፤ ነገር ግን ለምን ትክክል እንደሆነ በሁለት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት አቃተኝ። የተንተባተበ ዳኛ ደግሞ ትክክል ቢሆንም የሚያምነው የለም።

ሥልጠናው ዐሥራ ሁለት ክፍሎች አሉት፤ አብዛኞቹም ዐሥራ አምስት ያህል አጫጭር ቪዲዮዎችን ይዘዋል። ቪዲዮዎቹ የተቀረጹት ከተመልካች መቀመጫ ሳይሆን ዳኛው ከሚቆምበት ቦታ፣ በዓይኑ ከፍታ ነው። ክስተቱ ካበቃ በኋላ ምስሉ ይቆምና ጥያቄ ይመጣል። የመጀመሪያው ጥያቄ ግን ውሳኔውን የሚጠይቅ አይደለም፤ «ኳሱ በተመታበት ቅጽበት የሦስተኛ ቤዙ ሯጭ እግር የት ነበር?» ወይም «ፒቸሩ ሲዞር የምትመለከተው ማንን ነበር?» የሚል ነው። ብዙ ጊዜ መልሱን አላውቀውም ነበር። ኳሱን ብቻ ስከተል ስለነበር የቀረው ሁሉ አምልጦኛል። አዘጋጆቹ ነገሩን ከሥሩ እንደተረዱት የገባኝ እዚህ ላይ ነው፤ ያልተለመደ ክስተት ዳኛን የሚያስቸግረው ደንቡ ስለተሰወረበት ብቻ አይደለም፤ ደንቡን ለመተግበር የሚያስፈልገው ነገር ዓይኑ ባልነበረበት ቦታ ስለተፈጸመ ነው። ደንቡን በዕረፍት ሰዓት ገልጦ ማንበብ ይቻላል፤ ያላዩትን እግር ግን ማንም መልሶ ሊያሳይ አይችልም፤ በተለይ የቪዲዮ ዳግም ዕይታ በሌለበት በእኛ ደረጃ።

ከሁሉም ክፍሎች የላቀው ስለ ኦብስትራክሽን፣ ማለትም ተከላካይ ኳስ ሳይዝና ለመያዝም ሳይሞክር የሯጩን መንገድ ስለሚዘጋበት ሁኔታ የሚያስተምረው ነው። ለዚህ ክፍል መነሻ የተደረገው የ2013 የወርልድ ሲሪስ (የአሜሪካ ሜጀር ሊግ የፍጻሜ ተከታታይ) ሦስተኛ ጨዋታ ማብቂያ ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሴንት ሉዊስ ካርዲናልስና ቦስተን ሬድ ሶክስ በዘጠነኛው ኢኒንግ (ሁለቱም ቡድኖች በተራ የሚመቱበት ዙር) 4 ለ 4 ነበሩ። የቦስተኑ ካቸር (ከመቺው ጀርባ ሆኖ ኳስ የሚቀበለው ተከላካይ) ወደ ሦስተኛ ቤዝ የወረወረው ኳስ አምልጦ ወደ ግራው ሜዳ ሄደ፤ ኳሱን ለመያዝ ተዘርግቶ የወደቀው ዊል ሚድልብሩክስ መሬት ላይ እንደተኛ ወደ ሆም ለመሮጥ የተነሣው አለን ክሬግ ተደናቅፎበት ወደቀ። ክሬግ ተነሥቶ ሮጠ፤ ኳሱ ግን ቀድሞት ሆም ፕሌት አጠገብ ተነካ። የሦስተኛ ቤዝ ዳኛው ጂም ጆይስ አስቀድሞ ኦብስትራክሽን ብሎ አመልክቶ ስለነበር የሆም ፕሌት ዳኛው ዳና ዴሙት ሯጩን ሴፍ (አልወጣም) አለ፤ ጨዋታውም በካርዲናልስ 5 ለ 4 አሸናፊነት ተጠናቀቀ።

ያንን ጨዋታ የሚያውቅ ሁሉ ክርክሩንም ያውቀዋል፤ «ሚድልብሩክስ ምን ያድርግ፣ በአየር ላይ ይጥፋ?» የሚለውን። ሥልጠናው ለዚህ የሚሰጠው መልስ አጭርና የማያወላዳ ነው። ደንቡ ስለ ተከላካዩ ሐሳብ አይጠይቅም፤ ሆን ብሎ ይሁን ሳያስብ፣ ኳሱን ለመያዝ የነበረው ሙከራ ካበቃ በኋላ ሯጩን ካደናቀፈ ጥፋቱ ተፈጽሟል። የወደድኩት ግን ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ሥልጠናው ሁለቱን የኦብስትራክሽን ዓይነቶች በዳኛው አካል እንቅስቃሴ ለይቶ ያሳያል። ኳሱ በዚያው ሯጭ ላይ እየተጫወተ ሳለ እንቅፋቱ ከተፈጠረ ዳኛው ወዲያው ጨዋታውን ያቆማል፤ ሯጩም ቢያንስ አንድ ቤዝ ያገኛል። በሯጩ ላይ የሚደረግ ጨዋታ ከሌለ ግን ዳኛው በእጁ ያመለክታል፣ በአፉ ይናገራል፣ ጨዋታውን ግን አያቆምም፤ ሁሉም ነገር እስኪያበቃ ይጠብቅና እንቅፋቱ ባይኖር ኖሮ ሯጩ የት ይደርስ እንደነበር ይወስናል። የ2013ቱ ከሁለተኛው ዓይነት የሚመደብ ነው። ከዚህ ክፍል በፊት እኔ ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ፊሽካ በሚመስል ጩኸት ነበር የማቆማቸው፤ ይህም ሁለት ጊዜ ያህል ሯጮች በራሳቸው ጉልበት ሊያገኙት የሚችሉትን ነጥብ እንዳሳጣቸው አሁን ይገባኛል። ይህን ማወቄ ቀላል ስሜት አልነበረም።

የኢንፊልድ ፍላይ ክፍልም በአብዛኛው ጥሩ ነው። ደንቡን በአጭሩ ለማስታወስ፣ ከሁለት አውት በታች ሆኖ አንደኛና ሁለተኛ ቤዝ ወይም ሦስቱም ቤዞች ሲያዙ፣ የውስጥ ሜዳ ተጫዋች በተለመደ ጥረት ሊይዘው የሚችለው ፌር (በሜዳው መስመሮች ውስጥ ያለ) ኳስ ወደ ላይ ከወጣ፣ ኳሱ ተያዘም አልተያዘም መቺው አውት ነው፤ በቀጥታ መስመር የተመታና በባንት፣ ማለትም ዱላ ሳይወዘወዝ በቀስታ፣ የተነካ ኳስ ግን አይካተትም። ዓላማውም ተከላካዩ ኳሱን ሆን ብሎ በመጣል በአንድ ጊዜ ሁለት ሯጮችን እንዳያስወጣ ነው። ሥልጠናው ያነሣው ምሳሌ የኦክቶበር 5 ቀን 2012ቱ የአትላንታ ብሬቭስና የካርዲናልስ ጨዋታ ነው። በስምንተኛው ኢኒንግ አንድሬልተን ሲመንስ የመታው ኳስ ወደ ግራው ሜዳ ውስጥ ገባ ብሎ በሁለት ተጫዋቾች መካከል ወደቀ፤ የግራ መስመር ዳኛው ሳም ሆልብሩክ ግን ኳሱ ሊያርፍ ሲል ኢንፊልድ ፍላይ ብሎ ነበር። ተመልካቹ ጠርሙስና ቆሻሻ ወደ ሜዳ ወረወረ፤ ጨዋታው ለ19 ደቂቃ ተቋረጠ፤ አትላንታ ያቀረበው ተቃውሞም ውድቅ ሆነ። አስተማሪው «ኳሱ ሣሩ ላይ ስለወደቀ ደንቡ አይሠራም» የሚለውን የተለመደ ክርክር በትዕግሥት ያፈርሳል፤ ደንቡ የሚጠይቀው የሜዳውን መስመር ሳይሆን የውስጥ ሜዳ ተጫዋች የሚያደርገውን ጥረት ነውና። ስለ ጥሪው መዘግየት ግን ብዙም አላለም። እኔ እንደማምነው የዚያ ውሳኔ ዋና ችግር መዘግየቱ ነበር፤ ሯጮቹ የሚጠበቁት ዳኛው አስቀድሞ ሲነግራቸው ነው፤ ኳሱ ሲያርፍ የሚነገር ነገር ማንንም አይጠብቅም። ኳሱ ከፍታው ላይ ደርሶ መውረድ ሲጀምርና ተከላካዩ ከሥሩ ሲረጋጋ መጥራት እንደሚገባ የሚያሳይ አንድ ተጨማሪ ቪዲዮ ቢኖር ይህ ክፍል ሙሉ ይሆን ነበር።

በዚሁ ክፍል ማጠቃለያ ገጽ ላይ ከባድ ስሕተት አግኝቻለሁ። ኢንፊልድ ፍላይ ሲጠራ «ኳሱ ይሞታል፣ ሯጮችም ባሉበት ይቆያሉ» ይላል። ይህ ፈጽሞ ትክክል አይደለም። ኳሱ በሕይወት አለ፤ ሯጮች በራሳቸው ኃላፊነት መሮጥ ይችላሉ፤ ኳሱ ከተያዘ እንደማንኛውም ሰማይ እንደወጣ ኳስ ቤዛቸውን መልሰው መንካት አለባቸው፤ ካልተያዘ ግን ይህ ግዴታ የለባቸውም። ቪዲዮው ራሱ በትክክል እያስተማረ ማጠቃለያው ተቃራኒውን ማለቱ፣ የተጣደፈ ሰው ቪዲዮውን ዘልሎ ማጠቃለያውን ብቻ ሊያነብ ስለሚችል አሳስቦኛል። ለአዘጋጆቹ ጻፍኩላቸው፤ በዐሥር ቀን ውስጥ አመስግነው አስተካከሉት። ይህንን በበጎ እመዘግብላቸዋለሁ።

ካቸሩ ስላልያዘው ሦስተኛ ስትራይክ (ስትራይክ መቺው የሳተው ወይም ሊመታው ሲገባ የተወው ውርወራ ነው፤ ሦስተኛው እንደ ደንቡ መቺውን ያስወጣል) የሚያስተምረው ክፍል አጭር ቢሆንም የተሟላ ነው። አንደኛ ቤዝ ባዶ ከሆነ፣ ወይም ሁለት አውት ከተያዘ፣ ካቸሩ ሦስተኛውን ስትራይክ ካልያዘው መቺው ሯጭ ይሆናል። በ2005 የአሜሪካን ሊግ የፍጻሜ ተከታታይ ሁለተኛ ጨዋታ ላይ ኤ. ጄ. ፒርዚንስኪ ወደ መቀመጫው ሊሄድ እንደጀመረ ሐሳቡን ለውጦ ወደ አንደኛ ቤዝ የሮጠበት፣ የኤንጀልስ ካቸር ጆሽ ፖል ግን ኢኒንጉ ያለቀ መስሎት ኳሱን ወደ ፒቸሩ ቦታ አንከባልሎ የሄደበት ክስተት ይታወሳል። ዳኛው ዳግ ኤዲንግስ ኳሱ መሬት ነክቷል ብሎ ወሰነ፤ ሆኖም እጁን ጨብጦ ያሳየው የስትራይክ ምልክት አውት የሚል ይመስል ነበር። ቺካጎ ዋይት ሶክስ በዚሁ ኢኒንግ 2 ለ 1 አሸነፈ። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት በሥልጠናው ውስጥ በእጅ እንቅስቃሴ ተከፋፍሎ ቀርቧል፦ መጀመሪያ የስትራይኩ ምልክት፣ ትንሽ ቆም፣ ከዚያ ኳሱ አለመያዙን ሁለቱን እጆች ወደ ጎን ዘርግቶ በድምፅ ማሳወቅ። በመስታወት ፊት ቆሜ ለሳምንታት ተለማምጄዋለሁ፤ አሁን ሳላስበው ይመጣልኛል።

ወደ ቅሬታዬ ልመለስ። የተመዘገብኩበት ዋና ምክንያት፣ ሦስተኛው አውትና ነጥቡ የሚሽቀዳደሙበት ሁኔታና ከእሱ ጋር የሚያያዘው አቤቱታ፣ በዚህ ሥልጠና ውስጥ የተሰጠው ጊዜ ሰባት ደቂቃ ብቻ ነው። ለኔ ይህ የሥልጠናው ትልቁ ጉድለት ነው። ምክንያቱም ከደንቡ ሁሉ ዳኛን፣ አሠልጣኝንና መዝጋቢን በአንድነት የሚያደናግር እንደዚህ ያለ ቦታ የለም። ነጥብ የማይቆጠረው ሦስተኛው አውት ግዴታ ያለበት ሯጭ (መቺው ሯጭ ስለሆነ ቤዙን ለቆ ወደ ፊት መሄድ ያለበት) ቀጣዩን ቤዝ ሳይነካ ሲቀር ወይም መቺው አንደኛ ቤዝ ሳይደርስ ሲወጣ ነው። በእኔ ጨዋታ የሁለተኛ ቤዙ ሯጭ የወጣው ወደ ፊት የመሄድ ግዴታ ኖሮበት ሳይሆን ወደ ኋላ ተመልሶ ቤዙን ባለመንካቱ ነው፤ ተከላካዩ ቤዙን መርገጡ ግዴታ ያለበት ሯጭ የወጣ ያስመስለዋል እንጂ አያደርገውም። ስለዚህ ጉዳዩ የጊዜ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ማን ቀደመ? አሠልጣኙ ያነሡት ሁለተኛው ጉዳይ፣ የሦስተኛ ቤዙ ሯጭ ኳሱ ከመያዙ ቀድሞ መነሣቱ፣ እውነት ነበር፤ ነገር ግን ያ በራሱ የሚቆጠር ስሕተት አይደለም፤ ተከላካዮቹ አቤት ማለት አለባቸው። ከሜዳው ከመውጣታቸው በፊት ኳሱን ይዘው ሦስተኛ ቤዝን ረግጠው አቤት ቢሉ ኖሮ፣ አውቱ አራተኛ ቢሆንም እንኳ ሦስተኛውን ተክቶ ነጥቡን ይሰርዘው ነበር።

በ2009 ዶጀርስና ዳይመንድባክስ ሲጫወቱ የሆነው ከሞላ ጎደል ይኸው ነው። ፒቸሩ ዳን ሄረን በቀጥታ የተመታበትን ኳስ ይዞ ወደ ሁለተኛ ቤዝ ወረወረ፤ ሁዋን ፒየር በኳሱ ተነካና ኢኒንጉ አለቀ፤ አንድሬ ኢቲየር ግን ከዚያ በፊት ሆም ፕሌትን ረግጦ ነበር። ዳይመንድባክሶች አቤት ሳይሉ ሜዳውን ለቀው ወጡ፤ ነጥቡም ጸና። ሥልጠናው ይህንን ያነሣዋል፤ ነገር ግን ከ1908ቱ የፍሬድ መርክል ጉዳይ ጋር አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ አለማስተማሩ ትልቅ ዕድል ማባከን ነው። መርክል አንደኛ ቤዝ ላይ ሆኖ ሳለ የማሸነፊያው ምት ሲመታ ሁለተኛ ቤዝን ሳይነካ ወደ ክለቡ ቤት ሮጠ፤ እሱ ግዴታ ያለበት ሯጭ ነበርና በሆም ፕሌት የገባው ነጥብ ተሰረዘ። ዳኛው ሃንክ ኦዴይ ከ19 ቀን በፊት በፒትስበርግ የመርክል ቡድን ተጋጣሚ ከነበረው ከቺካጎ ከብስ ተጫዋች ከጆኒ ኤቨርስ ተመሳሳይ አቤቱታ ቀርቦለት ሳይቀበለው ቀርቶ ነበር። በሁለተኛው ጊዜ ግን ተቀበለ። በ101 ዓመት የሚለያዩት እነዚህ ሁለት ክስተቶች ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ የትኛው ነጥብ እንደሚሰረዝና የትኛው እንደሚቆጠር ማንም ሰው ሳይረሳው የሚኖር ይመስለኛል። እንዲሁም የሆም ፕሌት ዳኛው የት መቆም እንዳለበት፣ ማለትም ፕሌቱንና አውቱ ሊያዝበት የሚችለውን ቤዝ በአንድ የዓይን መስመር ውስጥ እንዴት እንደሚያስገባ፣ አንዲት ቪዲዮ እንኳ አልተሰጠችም። ስለዚህም ጽፌ ነበር፤ «ለቀጣዩ ዕትም እናስብበታለን» የሚል መልስ ነው የመጣልኝ።

የብርቅዬ ክስተቶቹ ክፍል ከሁሉ ይበልጥ የሚያዝናና ነው፤ ጥቅሙ ግን ከሌሎቹ ያንሳል። በ2001 የልምምድ ጨዋታ ራንዲ ጆንሰን የወረወረው ኳስ በአየር ላይ ርግብ መትቶ ውርወራው እንዳልተወረወረ የተቆጠረበት፣ በ1993 ከሆሴ ካንሴኮ ራስ ነጥሮ አጥሩን ያለፈው ኳስ ሆም ራን (መቺው ቤዞቹን ሁሉ ዞሮ ነጥብ የሚያገኝበት ምት) የሆነበት፣ ኳስ በዳኛው ጭምብል ውስጥ ተሰክቶ ሲቀር ሯጮች አንድ ቤዝ የሚያገኙበት፣ ተከላካይ ጓንቱን ወርውሮ የተመታ ፌር ኳስ ቢነካ ሦስት ቤዝ፣ የተወረወረ ኳስ ቢነካ ደግሞ ሁለት ቤዝ የሚያስቀጣበት፣ ሁሉም በፍጥነት ያልፋሉ። ከእነዚህ መካከል ቆም ብዬ ያየሁት የ1983ቱን የጆርጅ ብሬት ጉዳይ ነው። በዱላው ላይ የተቀባው ማጣበቂያ ከ18 ኢንች አልፏል ተብሎ ሆም ራኑ ተሰርዞ፣ የሊጉ ፕሬዚዳንት ሊ ማክፌል ውሳኔውን ሽረው ጨዋታው ከ25 ቀን በኋላ ካቆመበት ቀጠለ። ያን ቀን የያንኪስ አሠልጣኝ ቢሊ ማርቲን «ብሬት ቤዞቹን አልነካም» ብሎ አቤት አለ፤ የተቀየሩት ዳኞች ያንን ሊያውቁ እንደማይችሉ አስቦ ነበር። ዴቭ ፊሊፕስ ግን የመጀመሪያዎቹ ዳኞች ቤዞቹ መነካታቸውን በፊርማቸው ያረጋገጡበትን ሰነድ ከኪሱ አወጣ። ተዘጋጅቶ መምጣት ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

ስለ አገልግሎቱ አሠራር ጥቂት ልጨምር። ቪዲዮዎቹን ወደ ስልክ አውርዶ ያለ በይነመረብ ማየት ይቻላል፤ ወደ ጨዋታ በምሄድበት መንገድ ብዙ ጊዜ የተጠቀምኩት እንዲህ ነው። ድምፁ በአንዳንድ ክፍሎች ዝቅተኛ ነው። የፈተና ጥያቄዎቹ ስትሳሳት ለምን እንደተሳሳትህ ያስረዳሉ፤ በግምት ትክክል ስትሆን ግን ምንም አይሉም፤ ይህ መታረም አለበት፤ በግምት የተገኘ ትክክለኛ መልስ በሜዳ ላይ ለእኔ የደረሰብኝን ዓይነት መንተባተብ ያመጣልና። መሠረታዊውን ደንብ ገና ለሚማር ሰው አልመክረውም፤ ሁለትና ሦስት ዓመት ዳኝቶ የሚያንገላታውን ነገር በስም ለይቶ ለሚያውቅ ዳኛ ግን፣ ለኦብስትራክሽኑና ለሦስተኛው ስትራይክ ክፍሎች ብቻ እንኳ የከፈለውን ያህል ያገኛል።

የመጨረሻው ክፍል ማብራሪያ የሌላቸው አርባ ቪዲዮዎች ናቸው። ጥያቄም፣ መልስም፣ ድምፅም የላቸውም፤ ክስተቱ ብቻ። አስተማሪው እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ እንድንመለከት ያዘናል፤ መጀመሪያ ኳሱን፣ ቀጥሎ የፊተኛውን ሯጭ እግር፣ ከዚያ የኋለኛውን። ሠላሳ አንዱን ጨርሻለሁ። በሃያ ሰባተኛው ላይ ሁለተኛና ሦስተኛ ቤዝ ላይ ሯጮች አሉ፣ አንድ አውት ተይዟል፣ ኳሱ በቀጥታ ወደ ፒቸሩ ይመታል። ያንን ቪዲዮ ሦስት ጊዜ ሳይሆን ዐሥር ጊዜ ያህል ተመልክቼዋለሁ፤ በዐሥረኛው ዕይታ ላይ ምስሉን አቁሜ፣ ለአሠልጣኙ በዚያ ቀን ልሰጣቸው ይገባ የነበረውን መልስ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጮክ ብዬ ተናገርኩት።